ከስድስት ወር በኋላ በእጇ ምን አለ?



ዛሬ የምናገረው የገጠር ሴቶችን ለገቢ ማስገኛ ሥራ ስለ ማሠልጠን ነው። ብዙ ስብሰባ የተደረገበት፣ ብዙ ሪፖርት የተጻፈበት ጉዳይ ነው። ሪፖርቶቻችን ስንት ሴት እንደ ሠለጠነች፣ ስንት ቀን እንደ ሠለጠነች፣ ስንት ብር እንደ ወጣ ይነግሩናል። እኔ ወደዚህ መድረክ የወጣሁት ሌላ ጥያቄ እንድንጠይቅ ነው። ሥልጠናው አልቆ ስድስት ወር ሲሞላው በዚያች ሴት እጅ ምን አለ? ስንት ዶሮ፣ ስንት ፍየል፣ ስንት ብር? ከዚያ ውስጥ ማንንም ሳታስፈቅድ የምታዝዝበት ስንቱ ነው? የሥልጠና ሚዛን ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ሚዛን ከተቀበልን ደግሞ የምናሠለጥንበት ቦታ፣ ሰዓት፣ የምናስተምረው ነገርና ከዚያ በኋላ የምናደርገው ክትትል ሁሉ መለወጥ ይኖርበታል።

መጀመሪያ አገሩን እንይ። ራያ ቆላ ሙቀት ያለው ሜዳ ነው። ከምዕራብ ከፍ ያለው ደጋ፣ ከምሥራቅ የዞብል ተራራ ይዘውታል። ዝናቡ አይታመንም፤ ከደጋ የሚወርደው ጎርፍ ግን ለም አፈር ይዞ ይመጣል። የራያ ገበሬም ያንን ጎርፍ ከወንዝ ጠልፎ ማሳውን ሲያጠጣ ኖሯል። ማሽላና ጤፍ የሚበቅለው በዚህ ብልሃት ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚመረትበትን መስኖ አስፋፍቷል። ቆቦ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ስለተቀመጠች ገዢ ከደጅ ያልፋል። አፈሩ፣ ውኃውና ገበያው አለ ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ አገር የተጠራቀመ ጥሪት በተደጋጋሚ የጠፋበት አገር ነው። የ1966 እና የ1977 ረሃብ ከእናቶቻችን አእምሮ አልወጣም። በ2013 መግቢያ ላይ የበረሃ አንበጣ ለአጨዳ የደረሰ ማሽላ በልቷል። በዚያው ዓመት ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ገባ፤ ሰው ሞተ፣ ከብት ተነዳ፣ ቤት ተዘረፈ። በነሐሴ 2014 ውጊያው እንደገና ሲያገረሽ የመጀመሪያው ወላፈን ያረፈው በዚሁ አካባቢ ነበር። ስለዚህ የራያ እናት አደጋን የምትፈራው ስላልሠለጠነች አይደለም። አደጋን በዓይኗ ስላየች ነው። አንድ ጊዜ ሁሉን ያጣች ሴት ያላትን ሁሉ በአንድ ሥራ ላይ እንድታፈስስ መምከር ምክር አይደለም። ትንሽ የምትጀመር፣ ቶሎ ገንዘብ የምትመልስ፣ ብትከስርም ቤት የማታፈርስ ሥራ ነው የሚያስፈልጋት።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ከሥልጠናዎቻችን ነቅለን እናውጣ። ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ሴቲቱ ሥራ እንደማታውቅ አድርገን ነው። የራያ ሴት ቅቤ ታነጥራለች፣ ጥጥ ትፈትላለች፣ ስፌት ትሰፋለች፣ እንቁላል ታጠራቅማለች፣ በርበሬ ታዘጋጃለች፣ የገበያ ቀን ሲደርስ ተሸክማ ወጥታ ትሸጣለች። በዓቢይ ጾም 55 ቀን የእንቁላል ዋጋ እንደሚወርድ፣ ፋሲካ ሲቃረብ ዶሮ እንደሚወደድ ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም። ባል የሌላት እናት በሬ ስለሌላት መሬቷን በእኩል ትሰጣለች፤ የእርሻዋን ግማሽ ምርት ገና ሳይታጨድ ታጣለች። እንዲህም ሆኖ ልጆች ታሳድጋለች። ይህች ሴት ንግድ ታውቃለች። የጎደላት ሌላ ነው፤ ጊዜ፣ መነሻ ገንዘብ፣ መድኃኒትና ክትባት፣ ሒሳብ፣ ያገኘችውንም በእጇ ማቆየት።

ከጊዜ እንጀምር። ለሦስት ወይም ለአምስት ቀን ቆቦ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ኑ እንላለን። እንጀራው በማን ይጋገር? ውኃው በማን ይቀዳ? ጡት የሚጠባው ልጅ የት ይዋል? እንዲህ ስናደርግ መምጣት የምትችለው ቤት ውስጥ የምትተካት ያላት ብቻ ናት። በጣም የቸገራት፣ ሥልጠናው የታሰበላት እናት ትቀራለች። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሥልጠናው በየጎጡ፣ በጠዋቱ ሥራ መጨረሻ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ግማሽ ቀን ይሁን። የቡና ሰዓት አለን፣ የዱዓ መሰባሰቢያ አለን፣ የጽዋ ማኅበር አለን፣ የቀብር መረዳጃችን ቅሬ አለን። ሴቶች በፈቃዳቸው የሚሰባሰቡበት ቦታ እያለ አዳራሽ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። የአረም፣ የአጨዳና የውቂያ ሰሞን ደግሞ ሥልጠና አይጠራ።

ሁለተኛው ሒሳብ ነው። ማንበብና መጻፍ የማትችል ሴት ሒሳብ አትችልም የሚል ሰው ገበያ ወጥቶ አያውቅም። ግን ብዙዎቻችን፣ የተማርነውም ጭምር፣ የተገዛበትንና የተሸጠበትን ብቻ እያነጻጸርን አተረፍን እንላለን። አንዲት እናት በ5,000 ብር ፍየል ገዛች እንበል። ለሦስት ወር አደለበቻት። ለመኖ 900፣ ለጨውና ለመድኃኒት 300፣ ለማጓጓዣና ለቀረጥ 200 ብር አወጣች። በ7,500 ሸጠቻት። ብዙ ሰው 2,500 አተረፈች ይላል። ወጪው ሲደመር 6,400 ነው፤ ትርፉ 1,100 ብቻ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ደክማባት ከሆነ በ90 ቀን 90 ሰዓት ይሆናል፤ የሰዓት ዋጋዋ 12 ብር ገደማ ነው። ይህን በጠጠር ወይም በማሽላ ፍሬ መሬት ላይ እየደረደሩ ማስተማር ይቻላል። አንድ ጊዜ ይህን ሒሳብ የሠራች እናት ራሷ ትጠይቃለች፤ መኖውን ብቀንስ፣ ከማሳው የወጣውን አገዳና የሽንብራ ገለባ ብጠቀም፣ ሁለት ፍየል አብሬ ባደልብ፣ ገበያ ከጎረቤቴ ጋር አብረን ብንወስድ? እነዚህ ጥያቄዎች ከራሷ ሲመጡ ነው ሥልጠና ተሰጠ የሚባለው።

ገበያውንም ከበዓላት ጋር አያይዘን እናስተምር። በራያ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን ይኖራሉ። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ዒድ አልፈጥር፣ ዓረፋ፣ ሁሉም የእርድ ገበያ ናቸው። የእስልምና በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ፍየል ለማድለብ ሦስት ወር የሚያስፈልግ ከሆነ ዓረፋ ሊደርስ ሦስት ወር ሲቀረው ገዝታ መጀመር አለባት። ይህን የዓመት ቀመር በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በሥዕል ሠርቶ በየቅሬው ቤት መለጠፍ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

አሁን አንድ ሥራ ብቻ ወስጄ በዝርዝር ላሳያችሁ፤ ሥልጠና ምን ያህል ወደ ጓሮ መውረድ እንዳለበት የሚያሳይ ስለሆነ። ዶሮን እንውሰድ። ያበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች፤ ከጫጩቶቹ ግን ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው በጭልፊት፣ በብርድና በበሽታ ያልቃሉ። የተረፉትን ደግሞ ፈንግል የተባለው በሽታ ይጨርሳቸዋል። ፈንግል በተለይ ክረምት ሲገባ አንድ ሰፈር ከገባ ቤት ለቤት ያጸዳል። ለአንዲት እናት አሥር ዶሮ ሰጥተን ስለ ፈንግል ካልተናገርን ሰጠናት አይባልም።

ክትባት አለ። ሙቀትን የሚቋቋም፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ የሚደገም ክትባት ነው፤ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ያመርተዋል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ስድስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ብልቃጥ ብትከፍት አብዛኛው ይደፋል። ስለዚህ ክትባት የአንድ ሴት ሥራ ሊሆን አይችልም፤ የጎጡ ሁሉ ሥራ ነው። በየጎጡ አንዲት ሴት መርጠን ጠብታውን እንድትሰጥ ብናሠለጥን፣ በቀጠሮ ቀን ሃያ ቤት ዶሮውን አዘጋጅቶ ቢጠብቃት፣ በዶሮ ትንሽ ሳንቲም ቢከፈላት፣ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ተፈጠረ። ዶሮዎቹ ይተርፋሉ፣ እሷም ገቢ ታገኛለች። ስለ ፈንግል ሃያ ሴቶች ሠልጥነው ክትባት የሚያደርስላቸው ከሌለ ግን ሥልጠናው ባዶ ነው።

ሌላም የቆላ ብልሃት አለ። በቆቦ ሙቀት እንቁላል ቶሎ ይበላሻል። አውራ ከሌለበት ቤት የተገኘ እንቁላል ጽንስ ስለሌለው በሙቀት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ለመፈልፈያ የሚሆኑትን ከአውራ ጋር፣ ለሽያጭ የሚሆኑትን ለብቻ ማድረግ ይቻላል። ጫጩትን ያለ መብራት ኃይል ለማሞቅ ዙሪያው በደረቅ ሣር የተሞላ ሣጥን በቂ ነው፤ የገዛ ሙቀታቸው ይበቃቸዋል። እንቁላል የሚረክስበትን የጾም ጊዜ ደግሞ በሌላ ሥራ ማለፍ ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ የሽንኩርት ችግኝ። የሽንኩርት ችግኝ ለመስኖ ገበሬው የግድ ነው፤ በሰፊ ማሳ ሳይሆን በጓሮ መደብ ላይ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል። መሬት የሌላት ሴት ከመስኖ ልማቱ ተካፋይ ልትሆን የምትችልበት አንዱ በር ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሥልጠና ብቻውን ገንዘብ አይወልድም። ይህ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም፤ በዓለም የተፈተነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አንድ ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። በስድስት አገሮች ከአሥር ሺህ በላይ እጅግ ድሃ ቤተሰቦችን ያካተተ ነው፤ ከስድስቱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ቦታውም ጎረቤታችን ትግራይ ነበር። ቤተሰቦቹ የተሰጣቸው አንድ ነገር ሳይሆን አብረው የሚሠሩ ብዙ ነገሮች ናቸው፤ ፍየልን ወይም ሌላ ጥሪትን የመሰለ መነሻ፣ ያንን እስኪለምዱ ድረስ የሚበላ ድጋፍ፣ ሥልጠና፣ ቁጠባ፣ ለሁለት ዓመት ያህልም ቤት ድረስ እየመጣ የሚያማክር ሰው። ፕሮግራሙ ካበቃ ከዓመት በኋላም ኑሯቸው ካልተረዱት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ፍየል ያለ ክትትል፣ ሥልጠና ያለ ፍየል፣ ሁለቱም ያለ ቁጠባ አይዘልቁም።

ሌላው ከቶጎ ነው። በሎሜ ከተማ 1,500 ትንንሽ ነጋዴዎች በቡድን ተከፍለው ተፈተኑ። አንዱ ወገን የተለመደውን የንግድ ትምህርት፣ ማለትም ሒሳብ አያያዝና ገበያ ተማረ። ሌላው ወገን ደግሞ ከጎረቤቱ የተለየ ነገር ማሰብን፣ አስቀድሞ ማቀድን፣ እንቅፋት ሲመጣ አለመቆምን ተለማመደ። በሁለተኛው ወገን ትርፍ በ30 በመቶ ጨመረ፤ የመጀመሪያው ያመጣው ለውጥ ግን ጥርት ብሎ የሚታይ አልነበረም። ለኛ የሚሆነው ትምህርት ግልጽ ነው። በአንድ መንደር ሠላሳ ሴት ጠርተን ሠላሳዋንም ዶሮ እንድታረባ ካሠለጠንን ሠላሳዋም በአንድ ቀን እንቁላል ይዛ ገበያ ትወጣለች፤ ዋጋው ይወድቃል። አንዷ ዶሮ፣ አንዷ ክትባት፣ አንዷ መኖ፣ አንዷ ችግኝ፣ አንዷ የምርጥ ምድጃ ሥራ ብትይዝ ግን አንዷ ለሌላዋ ገበያ ትሆናለች። የምርጥ ምድጃ ነገር በተለይ ይታሰብበት፤ እንጀራ ሲጋገር የሚነደውን እንጨት በእጅጉ ይቀንሳል፣ የሚሠራውም በሲሚንቶና በቀላል አሸዋ ነው። እንጨት ፍለጋ የሚሄደውን ሰዓት ያተርፋል፤ የተረፈው ሰዓት ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራበታል።

ገንዘብን በተመለከተ እዚህ አገር ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም። ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የብድርና ቁጠባ ተቋም አብቁተ በአማራ ገጠር ለብዙ ሴቶች የመጀመሪያውን ብድር በቡድን ዋስትና ሰጥቷል። በሴፍቲኔት ቀበሌዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ወርልድ ቪዥን፣ ኬርና አመልድ የተባሉት ድርጅቶች በሰሜን ወሎና በዋግ ኽምራ የመንደር ቁጠባ ቡድኖች አቋቁመው ሠርተዋል። ከዚህ ተነሥቼ ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ ከብድር በፊት ቁጠባ ይቅደም። በየሳምንቱ ጥቂት ብር እያወጡ በሦስት ቁልፍ የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ የሚያጠራቅሙ ሴቶች የመጀመሪያ ብድራቸውን የሚወስዱት ከራሳቸው ነው። ክስረት ቢመጣ የሚያባርራቸው አበዳሪ አይኖርም። ሁለተኛ፣ በራያ ብዙ ሙስሊም እናቶች ወለድ ያለበትን ብድር በእምነታቸው አይነኩም። ያለ ወለድ የሚሠራ አማራጭ ሳናዘጋጅ ሴቶቹ ብድር አይፈልጉም ብለን መጻፍ ፍትሐዊ አይደለም። ዛሬ ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉ፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተዋል። የገዛ አገራችን የእንስሳት መጋራትም አለ፤ አንዷ ፍየል ትሰጣለች፣ ሌላዋ ታረባለች፣ ግልገሉን ይካፈላሉ። ይህን ልማድ በጽሑፍ ውልና በምስክር ብናጠናክረው ያለ አንዳች ወለድ መነሻ ጥሪት ይሆናል።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ ልግባ፤ አባቶችና ወንድሞች ታገሡኝ። ሴቲቱ ያረባችው ፍየል በማን ስም ይሸጣል? ገንዘቡን ማን ይቀበላል? የእንቁላል ብር የሷ ነው ይባላል። እንቁላሉ በዝቶ ብሩ ከፍ ሲል ግን ወደ ባል ኪስ ሲገባ አይተናል። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ባልና ሚስት የጋራ ንብረታቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ ይደነግጋል። የመሬት ይዞታ ደብተራችንም የሁለቱንም ስምና ፎቶግራፍ የያዘ ነው። ሕጉ አለ፤ ቤት ውስጥ እንዲገባ ማድረግ የኛ ሥራ ነው። ስለዚህ በሥልጠናው ሁለት ቀን ባሎች ይጠሩ። ጠጠሩን እየደረደሩ ያችኑ የፍየል ሒሳብ አብረው ይሥሩ። ሚስቱ በወር ምን እንደምታስገባ በራሱ እጅ የቆጠረ ባል ሥራዋን አያፈርስም። ሽማግሌዎቻችን ደም ያስታርቃሉ፣ ድንበር ያስማማሉ። ሚስት በደከመችበት ገንዘብ ላይ እንድታዝዝም ቃላቸውን ቢሰጡ የማይሰማቸው የለም።

እንግዲህ ከእያንዳንዳችሁ የምለምነው እንዲህ ነው። የልማት ሠራተኞች፣ ሥልጠናችሁን ከአዳራሽ አውጥታችሁ ወደ ጎጥ አውርዱት። የክትባት ቀንንና ለክትባት የምትሠለጥን ሴትን ከማንኛውም ነገር አስቀድሙ። የጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች፣ በሪፖርት ቅጻችሁ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ ከሥልጠናው ስድስት ወር በኋላ ያላት ጥሪት የሚጻፍበት። ያንን ዓምድ ለመሙላት ቤቷ መሄድ ግድ ይሆናል፤ በመሄዳችሁም ክትትሉ ይጀመራል። ገንዘብ የምትሰጡ ድርጅቶች፣ አንድ መቶ ሴት ለሦስት ቀን ከማሠልጠን ሃያ ሴት ለሁለት ዓመት መከተልን ምረጡ። የቅሬ ሰብሳቢዎች፣ የቁጠባ ሣጥን በየቅሬው ይጀመር፤ ከቀብር ወጪ አልፎ ለቁም ሕይወትም ይሁን።

እናቶቼና እህቶቼ፣ ለእናንተ የምለው ከሁሉ ይበልጣል። ሥልጠና ስትጠሩ ባዶ እጃችሁን አትምጡ፤ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ። ከዚህ በኋላ ማን ይከተለናል? ክትባቱ መቼ ይደርሳል? መነሻው ከየት ነው? እንዴት ይመለሳል? ገበያው የት ነው? ይህን ጠይቃችሁ መልስ ካልተሰጣችሁ በትሕትና እንዲህ በሉ፤ መልሱን ይዛችሁ ስትመጡ ጥሩን። የእናንተ ሰዓት ዋጋ አለው። ያንን ዋጋ መጀመሪያ እናንተ ራሳችሁ ስታውቁት፣ እኛም ለማክበር እንገደዳለን።

 አላህም እግዚአብሔርም ሥራችሁን ይባርክ፤ አገራችንን ሰላም ያድርግልን።